ስም ከመውጣቱ በፊት የወጣ ቴምብር፦ የፖስታ አገልግሎት በ1948ቱ የእስራኤል የነፃነት ጦርነት

1. የጉዳዩ ወሰን

አንድ አገር ከአንድ ገዢ እጅ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ወቅት ፍርድ ቤቶች ለጥቂት ሳምንታት ቢዘጉና ግብር አስከፋዩ መሥሪያ ቤትም ሥራውን ቢያዘገይ ኑሮ እንደምንም ሊቀጥል ይችላል፤ የደብዳቤ ቅብብል በተቋረጠበት ቀን ግን ነጋዴው ከዕቃ ላኪው፣ ሆስፒታሉ ከመድኃኒት አቅራቢው፣ በግንባር ያለው ወታደርም ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ወዲያው ይጠፋል። ለነፃነት እንዋጋለን የሚሉ ወገኖች ወሰናቸው ሳይታወቅና መንግሥታቸው ዕውቅና ሳያገኝ ቀድመው ከሚያቋቁሟቸው ተቋማት መካከል ፖስታ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ፖስታ ቤት ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ይሠራል፤ ደብዳቤ ያደርሳል፣ ባለቤቱም ገዢ መሆኑን በየፖስታው ላይ ያውጃል።

የዚህን ዓይነት ተቋም አመሠራረት በቅርብ ለመመርመር የሚያስችለው ጉዳይ በፍልስጥኤም ምድር በ1948 የሆነው ነው። እስራኤላውያን የነፃነት ጦርነት፣ ፍልስጥኤማውያን ደግሞ «ነክባ» ማለትም መቅሠፍት የሚሉት ያ ጦርነት አንድ የነበረውን የፖስታ ሥርዓት ከሦስት ከፍሎታል፤ ከሦስቱም አንዱ ጥቂት ሳምንታት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ ብሔራዊ ተቋምነት ተለውጧል። ዓመቶቹና ወራቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ጥቂት ቃላትን ማብራራት ያስፈልጋል። ቴምብር የአገልግሎት ዋጋ አስቀድሞ እንደተከፈለ የሚመሰክር ደረሰኝ ሲሆን፣ የቀን ማኅተም ደግሞ ቴምብሩ ዳግመኛ እንዳይሠራ የሚሰርዘውና ደብዳቤው የተላከበትን ቦታና ቀን የሚመዘግበው ምት ነው። በታተመ ቴምብር ወይም ወረቀት ላይ አዲስ ስም ወይም ዋጋ ሲጨመርበት የታከለ ኅትመት ይባላል፤ አዲስ ገዢ የራሱን ቴምብር እስኪያሳትም ድረስ የሚጠቀምበት ዋነኛ ዘዴ ይኸው ነው። ፊላቴሊ የሚባለው ቴምብርን የመሰብሰብና የማጥናት ሙያ ነው።

2. ከጦርነቱ በፊት የነበረው መሠረት

በኦቶማን ቱርክ ዘመን ኢየሩሳሌም የአንድ ፖስታ ቤት ከተማ አልነበረችም። የኦቶማን መንግሥት የራሱ ፖስታ ቤቶች ቢኖሩትም ለውጭ ኃያላን በተሰጡት ልዩ መብቶች መሠረት ኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሩሲያና ጣሊያን በምድሪቱ ከተሞች የየራሳቸውን ፖስታ ቤት ከፍተው ነበር፤ ወደ አውሮፓ የሚጻፍ ደብዳቤ ከእነዚህ በአንዱ በኩል ቢላክ በፍጥነትም በደኅንነትም ይሻላል የሚል እምነት ነበረ። የኦቶማን መንግሥት በ1914 ልዩ መብቶቹን ሲሽር እነዚህ ፖስታ ቤቶች ተዘጉ። ሆኖም አንድ ባዕድ መንግሥት በኢየሩሳሌም የራሱን ደብዳቤ ሊያመላልስ ይችላል የሚለው አስተሳሰብ አብሮ አልተዘጋም፤ ይህም ወደፊት እንደሚታየው በ1948 እንደገና ብቅ ብሏል።

እንግሊዞች በ1917 መጨረሻ ኢየሩሳሌምን ሲይዙ ፖስታውን በመጀመሪያ ያካሄደው ጦሩ ነበር፤ በ1918 የወጡት ቴምብሮችም የያዙት የአገር ስም ሳይሆን ከግብፅ የተነሣውን የእንግሊዝ ዘማች ጦር የሚያመለክቱ ሦስት ፊደላት ነበር። በ1920 የሲቪል አስተዳደር ሲተካ በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ «ፍልስጥኤም» የሚለው ስም በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ ታከለ። በዕብራይስጡ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ «የእስራኤል ምድር» የሚለውን ስም የሚያሳጥሩ ሁለት ፊደላት መግባታቸው በዐረብ መሪዎች ዘንድ ቅሬታ አስነሥቶ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በጥፍር ስፋት ወረቀት ላይ ያሉ ሁለት ፊደላት ለክርክር መብቃታቸው ቴምብር ከደረሰኝነቱ አልፎ የባለቤትነት ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠር እንደነበር ያሳያል።

የእንግሊዝ ሞግዚት አስተዳደር በ1927 የራሔልን መቃብር፣ የዓለቱን ጉልላት፣ የዳዊትን ግንብና የጥብርያዶስን ባሕር የሚያሳዩ ቴምብሮችን አወጣ፤ እነዚህም እስከ ሞግዚትነቱ ፍጻሜ ሠርተዋል። በዚያው ዓመት በ1,000 ሚል የሚመነዘረው የፍልስጥኤም ፓውንድ ሥራ ላይ ዋለ። የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የስልክ መሥሪያ ቤቱ አይሁድ፣ ዐረቦችና እንግሊዛውያን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ሲሆን፣ በ1938 በኢየሩሳሌም በያፋ መንገድ ላይ የተከፈተው ዋና ፖስታ ቤት የዚህ ሥርዓት ማዕከል ነበር። ኋላ የመጣው ፖስታ ቤት ሠራተኛውን፣ የአሠራር ልማዱንና ሕንፃውን ያገኘው ከዚህ ቤት ነው።

3. የአንድ ሥርዓት መፍረስ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኖቬምበር 29 ቀን 1947 ምድሪቱ በአይሁድና በዐረብ መንግሥታት እንድትከፈል፣ ኢየሩሳሌምም በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር እንድትሆን ከወሰነ በኋላ ውጊያው በመንገዶች ላይ ተጀመረ። ፖስታ ደግሞ የመንገድ ልጅ ነው። በከተሞች መካከል የሚመላለሱት ተሽከርካሪዎች በጥይትና በፈንጂ ሲሰናከሉ፣ የሁለቱ ሕዝቦች ሠራተኞችም አንዱ በሌላው ሰፈር አልፎ ወደ ሥራው መግባት ሲያቅተው፣ ፖስታ ቤቱ በአዋጅ ከመዘጋቱ በፊት በተግባር ተከፋፍሎ ነበር።

እንግሊዞች ሞግዚትነታቸው በሜይ 14 ቀን 1948 እኩለ ሌሊት እንዲያበቃ ቀን ቆርጠው ስለነበር ፖስታ ቤቶቻቸውን ከኤፕሪል አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ በየተራ ዘጉ። የመንግሥቱ ሕጋዊ ፍጻሜና የአገልግሎቱ ፍጻሜ በአንድ ቀን አልዋሉም፤ በሁለቱ መካከል የአሮጌው ፖስታ ቤት በር ተዘግቶ የአዲሱ መንግሥት በር ገና ያልተከፈተበት የጥቂት ሳምንታት ክፍተት ተፈጠረ። ተተኪው ተቋም የተወለደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ የተወለደውም ነፃነትን ለማክበር ሳይሆን በየሳጥኑ ተጠራቅሞ የቀረውን ደብዳቤ ለማንሣት ነው።

4. የሕዝብ አስተዳደሩ ፖስታ

በኤፕሪል 1948 የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪዎች 13 አባላት ያሉት «ሚንሄሌት ሃዓም» ማለትም የሕዝብ አስተዳደር የተባለ አካል አቋቋሙ፤ ይኸው አካል ነፃነት ሲታወጅ ጊዜያዊ መንግሥት ሆኗል። የሕዝብ አስተዳደሩ እንግሊዞች የለቀቋቸውን ፖስታ ቤቶች በአይሁድ ሠራተኞች እጅ እንደነበሩ መልሶ ሥራ አስጀመራቸው። ሠራተኞቹ ያው፣ መስኮቱም ያው፣ የክፍያው መለኪያም ያው ሚል ነበር። የጎደለው በደብዳቤው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው፤ የለቀቀውን መንግሥት ቴምብር መሸጥ አይቻልም፣ የሚመጣው መንግሥት ደግሞ ገና የለም።

ችግሩን የፈታው የበጎ አድራጎት ወረቀት ነበር። በ1901 የተመሠረተውና ለመሬት መግዣ ገንዘብ የሚያሰባስበው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ከምሥረታው ማግስት ጀምሮ ቴምብር የሚመስሉ ተለጣፊ ወረቀቶችን እያሳተመ ይሸጥ ነበር። ወረቀቶቹ የፖስታ ዋጋ የላቸውም፤ ገዢው በደብዳቤው ላይ የሚለጥፋቸው ለዓላማው አስተዋፅኦ ማድረጉን ለማሳየት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በብዛት ታትመው፣ ጀርባቸው ሙጫ ተቀብቶ፣ ጠርዛቸውም ተበስቶ ተቀምጠው ስለነበር በላያቸው «ዶአር» የሚለው፣ ትርጉሙ ፖስታ የሆነ፣ አንድ የዕብራይስጥ ቃል ሲታከልባቸው ቴምብር ሆኑ። ከሜይ መጀመሪያ ቀናት እስከ ሜይ 14 በመስኮት ተሸጡ፤ ከዚያ በኋላም ለአንድ ሳምንት ያህል በሕዝቡ እጅ የቀሩት ተቀባይነት ነበራቸው። የቀን ማኅተሞቹም ከከተማው ስም ጋር የሕዝብ አስተዳደሩን ስም ይዘው ተቀረጹ።

የሽግግሩ ቴምብር የመንግሥት ስም የለውም፤ «ፖስታ» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም። ሞግዚቱ ገዢ ገና ሳይወጣ የመንግሥት ቴምብር ማውጣት በሕግም በፖለቲካም የሚያስጠይቅ ስለነበር አሠሪዎቹ አገልግሎቱን አስቀድመው የሉዓላዊነቱን ጥያቄ አዘገዩት። ይህ የጥንቃቄ ቅደም ተከተል ከአዋጁ ቃላት ይልቅ የመሪዎቹን ስሌት በግልጽ ያሳያል።

5. ስም የሌለው መንግሥት ቴምብር

የሽግግሩ ወረቀቶች በየመስኮቱ ሲሸጡ የመንግሥቱ የራሱ ቴምብሮች በምስጢር እየታተሙ ነበር። ንድፉን ያዘጋጀው ኦቴ ቫሊሽ የተባለው ሠዓሊ ሲሆን፣ የነፃነት አዋጁ የተጻፈበትን ብራና በቁም ጽሕፈት ያሰናዳውም እሱ ነው። የኅትመቱ ሥራ የተካሄደው በቴል አቪቭ አጠገብ በምትገኘው ሳሮና ነበር፤ ሳሮና በ1871 በጀርመን ሰፋሪዎች የተቆረቆረች መንደር ስትሆን ኋላ በእንግሊዞች እጅ ቆይታ በመጨረሻ የጊዜያዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሰፈሩባት ናት። ማተሚያው የ«ሃአሬጽ» ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ነበር። ቴምብር ለማተም ታስቦ የተሠራ ቤት ባለመሆኑ ወረቀቱም፣ መብሻውም፣ ልምዱም በተገኘው ልክ ሆነ።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የስሙ ነበር። የመንግሥቱ ስም የተቆረጠው ከአዋጁ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ብቻ ስለሆነ ቅርጹ በሚዘጋጅበት ጊዜ በቴምብሩ ላይ ሊጻፍ የሚችል የአገር ስም አልነበረም። መፍትሔውም «ዶአር ኢቭሪ» ማለትም የዕብራይስጥ ፖስታ ብሎ መጻፍ ሆነ፤ አንባቢው አገሩን ያላወቀ ቢሆን እንኳ የቋንቋውን ባለቤት ያውቃል። ሥዕሉም እንዲሁ በብልሃት የተመረጠ ነው። የሰው መልክ ቢሳል የትኛው መሪ ይሁን የሚል ክርክር ይነሣል፤ ካርታ ቢሳል ደግሞ ወሰኑ በጦር ሜዳ ላይ ገና እየተሠራ ነው። ስለዚህ የተመረጡት አይሁድ በሮም ላይ ባመፁባቸው ሁለት ዘመናት፣ ማለትም ከ66 እስከ 70 ዓ.ም. እና ከ132 እስከ 135 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የቀረጿቸው ሳንቲሞች ነበሩ። እነዚያ ሳንቲሞች ራሳቸው በጦርነት መካከል የተመቱ የሉዓላዊነት መግለጫዎች መሆናቸው ሲታሰብ ከዚህ የተሻለ ምርጫ ይገኝ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ነፃነት የታወጀው ዓርብ ሜይ 14 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ ሰንበት ስለሆነ ፖስታ ቤት አይከፈትም፤ እሑድ ሜይ 16 ቀን 1948 ግን ዘጠኙ ዓይነት ቴምብሮች በመስኮት ቀረቡ። ስድስቱ የ3፣ የ5፣ የ10፣ የ15፣ የ20 እና የ50 ሚል ሲሆኑ ሦስቱ ደግሞ የ250፣ የ500 እና የ1,000 ሚል ነበሩ። የመጨረሻው ዋጋ አንድ ሙሉ ፓውንድ በመሆኑ ለተራ ደብዳቤ የሚፈልገው ሰው አልነበረም፤ ትልልቆቹ ዋጋዎች በጥቂቱ የታተሙትና የተሸጡትም ለዚህ ነው። ስድስቱ ትናንሾች ግን በወረቀት እጥረትና በመብሻ መሣሪያ ጉድለት ምክንያት በተለያየ ወረቀትና በተለያየ የጠርዝ ጥርስ ደጋግመው ታትመዋል። አታሚውን ያስቸገረው ይህ መለያየት ለሰብሳቢው ዋና የጥናት መስኩ ሆኗል።

«እስራኤል» የሚለው ስም በቴምብር ላይ የታየው ከአራት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1948፣ ለአይሁድ አዲስ ዓመት በወጡትና ክንፍ ያለው የመጽሐፍ ጥቅልል በሚታይባቸው አምስት ቴምብሮች ነው። ስለዚህ የአገሪቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች የአገሪቱ ስም የሌለባቸው ሆነው ቀርተዋል።

6. የተከበቡ ከተሞች የራሳቸው ፖስታ

በቴል አቪቭ የሚወሰነው ሁሉ በሁሉም ቦታ ሊፈጸም አይችልም ነበር፤ መንገዱ ሲቆረጥ ፖስታውም የአካባቢው ጉዳይ ይሆናል። በሪሾን ለጽዮን የከተማው ምክር ቤት ገና በኤፕሪል ወር፣ የሞግዚቱ ፖስታ በመዘጋት ላይ ሳለ፣ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ የተሳለበትን የአካባቢ ቴምብር አሳትሞ ደብዳቤውን በዚያው ዓይነት ተሽከርካሪ ወደ ቴል አቪቭ ይልክ ነበር። በሰሜን ከሊባኖስ ድንበር አቅራቢያ ያለችው ናሃሪያም በየብስ ተቆርጣ በነበረችበት ጊዜ የራሷን ቴምብር አውጥታለች። እነዚህ ቴምብሮች በሌላ ቦታ ዋጋ አልነበራቸውም፤ የአንድ ከተማ ነዋሪና የአንድ ከተማ ምክር ቤት የተማመኑባቸው የእጅ ወረቀቶች ነበሩ።

ከሁሉ የጠናው የኢየሩሳሌም ሁኔታ ነው። ከተማይቱ ውኃና ዱቄት በልክ ይታደልባት በነበረበት ከበባ ውስጥ ስለነበረች ሜይ 16 ቀን የወጡት ቴምብሮች ወደ እርሷ መድረስ አልቻሉም። በኢየሩሳሌም ይሠራ የነበረው የተባበሩት መንግሥታትን የክፍፍል ካርታ የያዘው የብሔራዊ ፈንዱ ተለጣፊ ወረቀት ነበር። በዚህም የተነሣ ያልተለመደ ነገር ተፈጠረ፤ ከተማይቱን ከአይሁድ መንግሥት ውጭ የሚያደርገው ካርታ በዚያችው ከተማ የአይሁድ ፖስታ ቤት ውስጥ የክፍያ ማስረጃ ሆኖ አገለገለ። አዲሶቹ ቴምብሮች በኢየሩሳሌም መሸጥ የጀመሩት የመጀመሪያው ተኩስ አቁም ከተፈጸመና መንገዱ ከተከፈተ በኋላ በጁን ወር ነው።

በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ ቆንስላ ለመልእክቶቹ ማመላለሻ የራሱን ቴምብር በኢየሩሳሌም ሥራ ላይ አዋለ፤ በ1914 የተዘጋው የውጭ ፖስታ ቤቶች ልማድ ለጥቂት ሳምንታት ነፍስ ዘራ ማለት ይቻላል። ከተማይቱ ለሁለት ስትከፈል ደግሞ የኢትዮጵያ ገዳማትም በሁለቱ የፖስታ አስተዳደሮች ተከፋፈሉ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በምዕራቡ ክፍል ሲቀር ዴር ሱልጣን በዮርዳኖስ ጦር በተያዘችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ ሆነ፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬደው የሁለቱ ገዳማት ርቀት በፖስታ አስተዳደር ረገድ የሁለት አገሮች ርቀት ሆኖ እስከ 1967 ቆየ።

7. ወታደራዊው ፖስታ

ሃጋና የተባለው የመከላከያ ድርጅት በሜይ መጨረሻ ወደ መደበኛ ጦር ሲለወጥ የወታደሩ ደብዳቤ ለብቻው ተደራጀ። ወታደሩ የሚጽፈው ያለ ክፍያ ነው፤ አድራሻውም ቦታን ሳይሆን ለክፍሉ የተሰጠውን የፖስታ ቁጥር ይይዛል። የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው፤ ክፍሉ ከገሊላ ወደ ኔጌቭ ቢዛወር ቤተሰቡ አዲስ አድራሻ ማወቅ አይጠበቅበትም፣ ደብዳቤውን በመንገድ የሚያገኝ ሰውም ክፍሉ የት እንዳለ አይረዳም። ሳንሱር ስለነበረ ከፖስታዎቹ ብዙዎቹ ተከፍተው የታሸጉ ናቸው። ቴምብር የሌለበት ፖስታ ለተራ ሰብሳቢ ባዶ ቢመስልም የጦሩን እንቅስቃሴ ለሚያጠና ሰው በላዩ ያለው ቁጥርና ቀን ከማናቸውም ሥዕል ይበልጣል።

8. በሌላው ወገን

የሞግዚቱ ፖስታ ሲዘጋ በዐረቡ ወገን የተተካው የፍልስጥኤማውያን የራሳቸው ፖስታ ቤት ሳይሆን የጎረቤት መንግሥታት ፖስታ ነው። ግብፅ በጁን 1948 የራሷን ቴምብሮች «ፍልስጥኤም» የሚል ጽሑፍ አክላባቸው በጋዛ ሥራ ላይ አዋለች፤ ዮርዳኖስም በዲሴምበር 1948 በያዘችው የምዕራብ ዳርቻ ተመሳሳይ ነገር አደረገች። የአገሪቱ ስም በቴምብር ላይ ቀረ፤ ሥሩ ያለው መንግሥት ግን ሌላ ነበር። ከመኖሪያቸው ለተፈናቀሉት ወደ 700,000 ለሚጠጉ ሰዎች የጎደላቸው ከቴምብርም በፊት አድራሻ ነው፤ ደብዳቤ የሚደርሳቸው ቤት አልነበራቸውም። በእስራኤልና በዐረብ ጎረቤቶቿ መካከል የነበረው ቀጥተኛ የፖስታ ግንኙነትም ለብዙ ዓመታት ተቋርጧል። የ1948ቱን የፖስታ ታሪክ በአንዱ ወገን አልበም ብቻ የሚያነብ ሰው የሥርዓቱን መወለድ ሲያይ የሥርዓቱን መሰንጠቅ ሊዘነጋ ይችላል።

9. ሰብሳቢው በተቋሙ ውስጥ ያለው ቦታ

ቴምብር ሰብሳቢ ከፖስታ ቤቱ ደንበኞች ሁሉ የተለየ ነው፤ የከፈለበትን አገልግሎት አይጠይቅም። በ10 ሚል የተገዛ ቴምብር በአልበም ውስጥ ሲቀመጥ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ ሳያመላልስ 10 ሚሉን ያገኛል፤ ገዢው በውጭ አገር ከሆነ ደግሞ የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ነው። በጦርነት ውስጥ ላለና ግምጃ ቤቱ ባዶ ለሆነ መንግሥት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በዓለም ዙሪያ የተበተነው የአይሁድ ማኅበረሰብ ለአዲሱ መንግሥት ቴምብር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገበያ ሆኖለታል።

ገበያው ከፍ አድርጎ የሚመለከተው ግን ቴምብሩን ብቻ ሳይሆን ጠርዙን ጭምር ነው። ቴምብሮች አብረው በሚታተሙበት ወረቀት ማለትም በሉሑ የታችኛው ረድፍ ካሉት ቴምብሮች ሥር ጽሑፍ የታተመበት ትርፍ ወረቀት ተያይዞ ይገኛል፤ ሰብሳቢዎች በእንግሊዝኛ አጠራሩ ታብ ይሉታል። ከአንድ ሉሕ ይህን የሚይዙት የመጨረሻው ረድፍ ቴምብሮች ብቻ ናቸው፤ በ1948 ደግሞ ደብዳቤ ላኪው ብዙውን ጊዜ እንደማይረባ ቆጥሮ ይቀድደው ነበር። ዛሬ ከታቡ ጋር የተገኘ የ250፣ የ500 ወይም የ1,000 ሚል ቴምብር ከታቡ ከተለየው ጋር በዋጋ አይገናኝም። የተጣለው ቁራጭ ከተያዘው መብለጡ በሌላ ገበያ ብዙም አይታይ ይሆናል።

ጥናት የሚመስለው ሙያ ደግሞ በተላኩት ፖስታዎች ላይ ያተኩራል። ያልተሠራበት ቴምብር የሚመሰክረው መታተሙን ብቻ ሲሆን፣ ተለጥፎ፣ ተመትቶና ደርሶ የተገኘ ፖስታ ግን በዚያ ቀን በዚያ ከተማ መስኮቱ ክፍት እንደነበረ፣ ታሪፉ ስንት እንደነበረና መንገዱ እንደሚያስሄድ ያስረዳል። በአንዳንድ ከተሞች የአገልግሎቱ መቋረጥና መቀጠል በቅርብ የሚከተለው በማኅተሞቹ ቀን ነው። ሁለት ዓይነት ማስረጃዎችን ግን መለየት ያስፈልጋል። ከሽግግሩ ሳምንታት ከተረፉት ፖስታዎች ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች ራሳቸው ለራሳቸው ያዘጋጇቸው ናቸው፤ ሁሉንም ዓይነት ቴምብር በረድፍ ለጥፎ፣ ከታሪፉ በላይ ከፍሎ፣ ውስጡን ባዶ አድርጎ ወደ ራስ አድራሻ መላክ የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለው ፖስታ መስኮቱ መሥራቱን በትክክል ይመሰክራል፤ ሕዝቡ በመስኮቱ ምን ያህል ይጠቀም እንደነበረ ግን አይናገርም። አንድ ልብስ ሰፊ የክር ዋጋ ለመጠየቅ የጻፈውና በአንድ ቴምብር የሄደው ፖስታ ከዚህ የበለጠ ቃል አለው።

የአሠራሩ ቀላልነት አስመሳዮችንም ጋብዟል። በተለጣፊ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ማከል ለመንግሥት ከቀለለ ለአጭበርባሪም ቀላል ነው፤ የሽግግሩና የአካባቢው ቴምብሮች ሐሰተኛ ቅጂ ስለሚበዛባቸው ጠንቃቃ ገዢ ያለ ባለሙያ ምስክር ወረቀት አይነካቸውም። መንግሥቱ በበኩሉ ሰብሳቢውን በይፋ ያቀፈው ጦርነቱ ሳያበቃ ነው። ከሶርያ ጋር የተኩስ ማቆም ውል ገና ሳይፈረም፣ በሜይ 1949 መጀመሪያ፣ «ታቡል» የተባለው ብሔራዊ የቴምብር ኤግዚቢሽን በቴል አቪቭ ተከፈተ፤ ለዚሁ የታተመው መታሰቢያ ሉሕም አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላውን የ10 ሚል ቴምብር አራት ጊዜ ደግሞ አሳየ። ተቋሙ በአንድ ዓመት ዕድሜው የራሱን ታሪክ መሸጥ ጀምሮ ነበር።

10. ከጦርነቱ በኋላ የቆመው አደረጃጀት

በአገር ውስጥ ቴምብር ማስከበር የመንግሥቱ ፈንታ ሲሆን፣ ቴምብሩ ከድንበር ማዶ እንዲሠራ ማድረግ ግን የሌሎች መንግሥታት ፈቃድ ነው። ይህን የሚያስተናግደው በ1874 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተመሠረተው የዓለም የፖስታ ኅብረት ነው፤ አባል የሆነ አገር የሌላውን አባል ቴምብር እንደ ራሱ ተቀብሎ ደብዳቤውን ያደርሳል። እስራኤል ኅብረቱን የተቀላቀለችው ዲሴምበር 24 ቀን 1949 ነው። ኢትዮጵያ በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያ ቴምብሮቿን አሳትማ የኅብረቱ አባል የሆነችው በ1908 መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ በሁለቱ ቀናት መካከል ያለውን ርቀት ትርጉም በቀላሉ ይረዳል፤ ለእስራኤል ይህ ርቀት አንድ ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ብቻ ነበር።

ፖስታው በመጀመሪያ በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ከቆየ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የራሱ የፖስታ ሚኒስቴር ተቋቋመለት፤ ይህም በ1970 የመገናኛ ሚኒስቴር ተባለ። አገልግሎቱ ከሚኒስቴሩ ተነጥሎ በ1987 ባለሥልጣን፣ በ2006 ደግሞ በመንግሥት የተያዘ ኩባንያ ሆነ። ዛሬ ደብዳቤና ጥቅል ከማመላለስ ባሻገር የባንክ አገልግሎት፣ የክፍያና የሐዋላ ሥራ ያካሂዳል፤ የቴምብር ሽያጩን የሚመራ የፊላቴሊ ክፍልም አለው። ቴምብሮቹ የአገሪቱን ስም ከሞግዚቱ ዘመን በወረሱት ልማድ በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ይይዛሉ፤ ከሉሑ ሥር ያለው ታብም በ1948 እንደነበረ አሁንም አብሮ ይታተማል፣ የሚቀድደው ሰው ግን ጥቂት ነው።